ተደጋጋሚ ቀጠሮ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ሲለያይ ምን ይደረግ?

በየሳምንቱ የሚደገመው ስብሰባ ኮምፒውተሩ ላይ 11 ሰዓት ይላል፣ ስልኩ ላይ 12። ያጠፋችሁት ቀጠሮ ተመልሶ ይመጣል። የአንድ ቀን ልደት ሁለት ቀን ይዞ ቁጭ ይላል። ይሄ ሲገጥመው ብዙ ሰው አፑን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ወይም የካላንደሩን ዳታ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ እንዳለ ይመለሳል፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ ጥፋቱ ስልኩ ላይ አልነበረም፤ ይባስ ብሎ ዳታው ሲጠፋ ስልኩ ላይ ብቻ የነበሩ ቀጠሮዎች አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስህተቱ የት እንዳለ እንለይ። እሱ ከታወቀ መፍትሔው አጭር ነው።

ቀድሞ የሚገባን ነገር አለ። «በየሐሙሱ» ብላችሁ ስትመዘግቡ ካላንደሩ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ሐሙስ አይጻፍም። የሚጻፈው አንድ ደንብ ነው፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ አገር ሰዓት፣ በየሳምንቱ። አንዱን ሐሙስ ስትሰርዙ ከየትም አይፋቅም፣ ከደንቡ ሥር «ይሄን ቀን ዝለል» የሚል መስመር ይጨመራል። አንዱን ወደ ዓርብ ስትገፉት ደግሞ «የዚያ ቀኑ እዚህ ገብቷል» የሚል ሌላ መስመር ይገባል። የእድር መተዳደሪያ ደንብና ቃለ ጉባኤ በሉት፤ ደንቡ አንዴ ይጻፋል፣ በየጊዜው የተለየው ነገር ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል።

ከሰርቨር (ካላንደራችሁ ከተቀመጠበት የኩባንያው ኮምፒውተር) ወደ ስልክ የሚሄደው ይሄው ደንብና ከሥሩ ያሉት መስመሮች ናቸው። ቀኖቹን የሚያሰላው እያንዳንዱ አፕ ለራሱ ነው። ደንቡ የሚጻፍበት የጋራ ቋንቋ አይካላንደር ይባላል፣ የሚመራበት ሰነድ ደግሞ በፈረንጆቹ 2009 የወጣው አርኤፍሲ 5545 የሚባለው የኢንተርኔት ደንብ ነው። የማይክሮሶፍቱ አውትሉክ ግን ውስጡ የራሱ አጻጻፍ ስላለው ከሌሎቹ ጋር የሚነጋገረው እየተረጎመ ነው፣ በትርጉሙ መሃል የሚወድቅ ነገር አለ። «ሲንክ አያደርግም» (ስልኩና ሰርቨሩ አይጣጣሙም) የምንለው አብዛኛው ችግር በትክክል የደረሰን ደንብ ሁለት አፖች ለየብቻ ሲያነቡት የሚፈጠር ነው። ሲንኩን ደጋግሞ መጫን ለዚህ አይጠቅምም።

መጀመሪያ ዌቡን እዩ

ብራውዘር ክፈቱና ቀጠሮው ያለበትን አካውንት በዌብ ተመልከቱ። የጉግል ከሆነ ጉግል ካላንደርን፣ የአፕል ከሆነ አይክላውድን፣ የመሥሪያ ቤት ከሆነ የአውትሉኩን ዌብ። እዚያ የምታዩት ሰርቨሩ ላይ ያለውን ነው። ዌቡ ልክ ሆኖ ስልኩ ከተሳሳተ ጉዳዩ የስልኩ ነው። ዌቡም ከተሳሳተ ስልኩን አትንኩት፣ ጥፋቱ ያለው ቀጠሮው ውስጥ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሙከራ። ዌቡ ላይ ለነገ የማይደገም ተራ ቀጠሮ መዝግቡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስልኩን እዩ። ከመጣ ሲንኩ ደህና ነው፣ የተበላሸው ያ ተደጋጋሚ ቀጠሮ ብቻ ነው። ካልመጣ ሌላውን ትታችሁ መጨረሻ ላይ ወዳለው የስልክ ክፍል ሂዱ። ከዚያ በተቃራኒው ሞክሩ፤ ስልኩ ላይ መዝግባችሁ ዌቡ ላይ ፈልጉት። በአንድ በኩል ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ ስልኩ ላይ ስትመዘግቡ የተመረጠው ካላንደር ከአካውንታችሁ ጋር ያልተያያዘ፣ ስልኩ ላይ ብቻ የሚቀር ሊሆን ይችላል። ቀጠሮውን ከፍታችሁ የየትኛው አካውንት እንደሆነ አንብቡ። ይሄን አንድ መስመር ሳያዩ ግማሽ ቀን የሚያባክን ሰው ብዙ ነው።

በአንድ ሰዓት ሲዛነፍ

ልዩነቱ ልክ አንድ ሰዓት ከሆነ፣ በተለይ በፈረንጆቹ ማርች ወይም ኖቬምበር አካባቢ የጀመረ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሰዓት ለውጥን ጠርጥሩ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርም፣ ዓመቱን ሙሉ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ሳውዲም እንደዚያው ናት። ዱባይ እኛን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ እሷም አትቀይርም። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓቷን ወደፊት ገፍታ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ትመልሳለች። አውሮፓ በማርች የመጨረሻው እሁድ ጀምሮ በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ይመልሳል። እስራኤል ከአውሮፓ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ዓርብ ትጀምራለች።

እንግዲህ ዋሽንግተን ያለች እህታችሁ በየሐሙሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በፈረንጁ 10፡00፣ ብላ የቤተሰብ ስብሰባ ብትይዝ አዲስ አበባ ላይ በእነሱ በጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል፣ በእነሱ ክረምት 12 ሰዓት። ካላንደሩ አልተሳሳተም፣ ደንቡ የያዘው የዋሽንግተንን ሰዓት ስለሆነ ነው። ፍራንክፈርት ያለ ወንድም ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል። በ2026 ለምሳሌ አሜሪካ የምትቀይረው ማርች 8፣ አውሮፓ ማርች 29 ነው፤ በመሃል ባሉት ሦስት ሳምንታት ፍራንክፈርት ላይ ስብሰባው ከተለመደው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል፣ ከዚያ ራሱ ይስተካከላል።

መወሰን ያለባችሁ የማን ሰዓት ይጽና የሚለውን ነው። እኔ ብጠየቅ ሰዓቱን በማይቀይር አገር ቢያዝ ይሻላል እላለሁ፤ ከአዲስ አበባም ከሪያድም የሚገባ ሰው ሲኖር ቢያንስ ለእነሱ አይንቀሳቀስም። ጉግል ካላንደር ዌብ ላይ ቀጠሮውን ለማረም ስትከፍቱ ከሰዓቱ አጠገብ ታይም ዞን (የየትኛው አገር ሰዓት) የሚል አለ። እሱን ነክታችሁ የምሥራቅ አፍሪካን ሰዓት ምረጡ። አውትሉክ ላይ አዲስ አበባ የሚል አትፈልጉ፣ ናይሮቢ የሚለውን ውሰዱ። ሳትመርጡት ናይሮቢ ተጽፎ ብታገኙም አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የዓለም ሰዓት ሠንጠረዥ አዲስ አበባን ከናይሮቢ ጋር አያይዞ ነው የሚይዛት። ቁጥሩ 3 ስለሆነ ብቻ ግን ሞስኮን ወይም ኢስታንቡልን አትምረጡ። ዛሬ እኩል ናቸው፣ ሩሲያ በፈረንጆቹ 2014፣ ቱርክ በ2016 ግን የሰዓት ሕጋቸውን ቀይረዋል። ሌላ አገር በወሰነ ቁጥር የእናንተ ስብሰባ አብሮ መሄድ የለበትም።

ሁሉም ጋ ልክ ሆኖ አንድ ስልክ ብቻ በአንድ ሰዓት ከሳተ፣ ያ ስልክ የቆየ የሰዓት ሠንጠረዥ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሜክሲኮ በፈረንጆቹ 2022 የሰዓት ለውጡን በአብዛኛው አስቀርታለች፣ ግብፅ በ2023 መልሳ ጀምራለች። ካይሮ ካለ ሰው ጋር የምትሰበሰቡ ከሆነና ስልካችሁ ከዚያ ወዲህ አፕዴት ካላገኘ ሊያሳስታችሁ ይችላል። አፕዴት አድርጉት። የማይቀበል አሮጌ ስልክ ከሆነ ለእንደዚህ ዓይነቱ ስብሰባ ዌቡን እመኑ።

ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ ደግሞ ማሽኑን ተዉት። ጠዋት 3 ሰዓት ብሎ አስቦ 3፡00 ኤኤም የጻፈ ሰው ቀጠሮው የሚገባው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። በማስታወሻ ጩኸት ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ በየሳምንቱ። እሱስ በአንድ ማረሚያ ያልቃል። የባሰው ስልኩ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ መጎተት ወይም የስልኩን ታይም ዞን ወደ ሌላ አገር መቀየር ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። በዚያ ስልክ ላይ የምትመዘግቡት ተደጋጋሚ ቀጠሮ ሁሉ የተሳሳተ አገር ተለጥፎበት ወደ ሰርቨሩ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹም ሰዎች ይሄዳል። ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ አድርጉና የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ለብቻው ጫኑ።

ልደትና በዓል ሁለት ቀን ሲይዙ ወይም አንድ ቀን ቀድመው ሲታዩም ምክንያቱ ከዚሁ ወገን ነው። ቀጠሮው «ኦል ዴይ» (ሙሉ ቀን) ተብሎ መመዝገብ ሲገባው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት በሰዓት ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፣ ያውም የቀደመው ቀን። ኦል ዴይ የሚለውን አብሩት፣ ይስተካከላል። አውትሉክ ግን ኦል ዴዩንም ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት አድርጎ ስለሚይዝ የኮምፒውተሩን ታይም ዞን ስትቀይሩ የቆዩት ልደቶች ሊዘረጉ ይችላሉ፤ ያኔ ከፍቶ ማረም ነው።

የሰረዛችሁት ሲመለስ

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። «ዝለል» የሚለው መስመር የሚይዘው ቀኑን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የመነሻ ሰዓቱንም ነው። በ2027 ገና ሐሙስ ላይ ይውላል፣ ጃንዋሪ 7። የሐሙሱን ስብሰባ ለዚያ ቀን ሰረዛችሁ እንበል። መስመሩ «የጃንዋሪ 7ን የ10፡00 ዝለል» ይላል። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ጠቅላላውን ስብሰባ ወደ 10፡30 ገፋው። አሁን በ10፡00 የሚጀምር ስብሰባ የለም፤ መስመሩ የሚዘለውን አጥቶ ይቀራል፣ የገና ቀን ስብሰባም 10፡30 ላይ ብቅ ይላል። አንዳንዱ አፕ መስመሮቹን አብሮ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ አያስተካክልም፣ አውትሉክ ደግሞ አደጋገሙን ስትቀይሩ በየቀኑ ያደረጋችኋቸውን ልዩነቶች ጭራሽ ይሰርዛቸዋል።

ስለዚህ ብዙ የተሰረዘና የተገፋ ቀን ያለበትን ቀጠሮ «ለሁሉም» ብላችሁ አትቀይሩ። ቁረጡት። ጉግል ላይ ለማስቀመጥ ስትሉ ሦስት ምርጫ ይመጣል፦ ይሄኛው ብቻ፣ ይሄኛውና ቀጣዮቹ፣ ሁሉም። መካከለኛውን ስትመርጡ አሮጌው እዚያ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አዲስ ቀጠሮ ሆኖ ይከፈታል፣ ያለፈውም ታሪክ አይነካም። ከሌላ ኩባንያ አፕ የሚገቡ ተጋባዦች ካሉ ግን እኔ በእጅ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ የአሮጌውን ማብቂያ ቀን ሞልታችሁ ዝጉት፣ አዲስ ፍጠሩ፣ አዲስ ግብዣ ላኩ፣ የሚዘለሉትን በዓላት እንደገና ሰርዙ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ በየሳምንቱ «ዛሬ አለ እንዴ?» ከመባባል ያድናል።

የጠራችሁት እናንተ ካልሆናችሁስ? ያኔ የያዛችሁት ቅጂ ነው። እናንተ ጋ ብታጠፉት ጠሪው ትንሽ ነገር ባረመ ቁጥር ሊመለስ ይችላል። ከማጥፋት ይልቅ «አልመጣም» ብላችሁ መልሱ፣ ወይም ጠሪው ራሱ እንዲሰርዘው ጠይቁ። ጠሪው ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀ ከሆነ ስብሰባው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀጥላል። የአይቲ ክፍሉ ከሰርቨሩ እንዲያነሳው አድርጉ፣ ካልሆነም ሁሉም ከራሱ ያጥፋና የቀረ አንድ ሰው አዲስ ይፍጠር።

አንድ የአውትሉክ ባሕርይ ልጨምር። የአንዱን ሳምንት ስብሰባ ከሚቀጥለው አሳልፋችሁ መግፋት አይፈቅድም፣ የአንድ ተከታታይ ሁለት ስብሰባ በአንድ ቀን እንዲውልም አይፈቅድም። ጉግል ይፈቅዳል። በጉግል አድርጋችሁት አውትሉክ ላይ የተመሳቀለባችሁ ከሆነ ያንን ቀን ሰርዙና በምትኩ የማይደገም ተራ ቀጠሮ ያዙ።

ድብል ሲሆን

አንድ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ከታየ ካላንደሮቹን አንድ በአንድ ምልክታቸውን እያነሳችሁ ደብቁ። የትኛው ሲደበቅ አንዱ እንደጠፋ ታያላችሁ። ብዙውን ጊዜ ልደቶቹ በአይክላውድም በጉግልም አሉ፣ ወይም አንድ የአይሲኤስ ፋይል (ቀጠሮዎች ተጽፈውበት የሚላክ ፋይል) ሁለት ካላንደር ውስጥ ገብቷል። ፋይል ማስገባትና በሊንክ መከታተል ይለያያሉ። ያስገባችሁት ፋይል የዚያን ቀን ቅጂ ነው፣ ባለቤቱ ቢያርመው እናንተ ጋ አይደርስም። በሊንክ የያዛችሁት ይታደሳል፣ ጉግል ላይ ግን ለውጡ እስኪታይ 12 ሰዓት ድረስ ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተበላሸ አትበሉ። ፋይል ስታስገቡ ሁልጊዜ ባዶ ካላንደር ፈጥራችሁ እዚያ ውስጥ አስገቡ። ካላማራችሁ ካላንደሩን በሙሉ ትሰርዙታላችሁ፣ የራሳችሁ ቀጠሮዎች አይነኩም።

ማኅበር፣ እድርና የእኛ ወር

በእኛ አቆጣጠር የሚደገም ነገር በፈረንጅ ደንብ ሲገባ ሲንኩ ጤነኛ ሆኖም ቀኑ ይሳሳታል። የማርያምን ማኅበር እንውሰድ፣ ወር በገባ በ21። መስከረም 21 ቀን 2018 በፈረንጁ ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ነበር። «በየወሩ» ብላችሁ ብትይዙት ቀጣዩን ኖቬምበር 1 ይላችኋል፣ ጥቅምት 21 ግን ኦክቶበር 31 ነው። ወራቱ እየሄዱ ሲመጡ ይብስበታል፤ ነሐሴ 21 ላይ ስትደርሱ ትክክለኛው ኦገስት 27 ነው፣ ካላንደሩ የሚጠብቃችሁ ሴፕቴምበር 1 ላይ ነው።

መላው ቀላል ነው። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ «ከስተም» ከሚለው ገብታችሁ በየ30 ቀኑ በሉ፣ ከመስከረም ጀምሩና ከ12 ጊዜ በኋላ እንዲያበቃ አድርጉ። እስከ ነሐሴ አንድም ቀን ሳይስት ያደርሳችኋል። ማብቂያውን ክፍት አትተዉት፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትጨምር ከነሐሴ 21 ወደ መስከረም 21 ያለው 35 ወይም 36 ቀን ነው፣ ክፍት ከሆነ መስከረም ላይ ይስታል። አዲሱ ዓመት ሲገባ አዲስ 12 ፍጠሩ። ሚካኤልም ጊዮርጊስም በዚሁ ይያዛሉ።

«ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ» የሚሰበሰብ እድር ግን ለዚህ አይመችም። በጥቅምት 2018 የመጀመሪያው እሁድ የኦክቶበር ሁለተኛ እሁድ ላይ ዋለ፣ በኅዳር ግን የኖቬምበር ሦስተኛ እሁድ ላይ። የፈረንጅ ደንብ ይሄን አይከተልም። የዓመቱን 12 ቀን አንዴ አስልታችሁ ለየብቻ መዝግቡ፣ ካላንደሩን ለአባላቱ አጋሩ። እንቁጣጣሽን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ብላችሁ ከያዛችሁት በ2027 ወደ 12 ግፉት፣ ያን ዓመት ብቻ።

ለዚህ ዓይነቱ ደንብ የተጻፈ ስምምነት አለ፣ በፈረንጆቹ 2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529። ከፈረንጅ ውጪ ባለ አቆጣጠር መድገምን ይፈቅዳል፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም በምሳሌነት ይዟል፣ 13ኛዋን ወር ሳይቀር። በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ትልልቅ አፖች ምርጫ አድርገው ቢያቀርቡት ይሄ ሁሉ ስሌት ይቀርልን ነበር። ለአፕ ሠሪዎች አስተያየት የምትልኩ ሰዎች ይሄን ቁጥር ጥቀሱላቸው።

በ31 የሚደገምና የመጨረሻው ቀን

በየወሩ በ31 ያላችሁት ክፍያ ጉግል ላይ 31 የሌላቸውን ወራት ይዘላል፣ አውትሉክ ወደ ወሩ መጨረሻ ቀን ያመጣዋል። ሁለቱ ጋ እንዲመሳሰል በ28 አድርጉት። የመጨረሻው ስብሰባ ብቻ ከጠፋ ደግሞ ማብቂያ ቀኑን አንድ ቀን አርቁ፤ ማብቂያው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጻፍ አንዳንድ አፕ የዚያን ቀን ስብሰባ ሳያካትት ይቆርጣል።

ጥፋቱ የስልኩ ከሆነ

የሙከራው ቀጠሮ ስልክ ላይ ያልመጣላችሁ እዚህ ናችሁ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አካውንቶች የሚለውን ከፍታችሁ የጉግል አካውንታችሁ ላይ የካላንደር ሲንክ መብራቱን እዩ። ከዚያ ጉግል ካላንደር አፕ ውስጥ ሴቲንግ ገብታችሁ የዚያን ካላንደር ስም ንኩና እዚያም ሲንክ መብራቱን አረጋግጡ፤ ሁለት የተለያየ ማብሪያ ነው፣ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ያያል። ዳታ እንዳይበላ ብላችሁ ዳታ ሴቨር ካበራችሁ፣ ወይም ባትሪ ቆጣቢው አፑን ከበስተጀርባ ካስተኛው፣ ካላንደሩ አፑን ስትከፍቱት ብቻ ይታደሳል። ለካላንደር ፈቃድ ስጡት፣ የሚበላው ዳታ ከቁጥር አይገባም።

አይፎን ላይ የጉግል አካውንት ካላንደር የሚመጣው በየተወሰነ ጊዜ ተጠይቆ ነው፣ ወዲያው አይገፋለትም። በካላንደር አካውንቶች ሥር «ፌች ኒው ዳታ» የሚለውን ገብታችሁ አጭሩን ጊዜ ምረጡ። እዚያው የካላንደር ሴቲንግ ውስጥ «ታይም ዞን ኦቨርራይድ» በርቶ ከሆነ አጥፉት፣ በርቶ ሲቀር ስልኩ የትም አገር ብትሄዱ በአንድ አገር ሰዓት ያሳያል። «ሲንክ» የሚለው ደግሞ ወደኋላ አንድ ወር ብቻ ከሆነ ወደ ሁሉም ቀይሩት።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አንድሮይዱ እምቢ ካለ ያኔ ዳታ ወደ ማጥፋቱ ሂዱ። አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ቀጠሮ ካለ ወደ ጉግል ካላንደር አዛውሩት፣ ካልተዛወረ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ አፖች ዝርዝር ውስጥ የሲስተም አፖችን አሳይ ብላችሁ «ካላንደር ስቶሬጅ» የሚለውን ፈልጉ፣ ዳታውን አጥፉ፣ ስልኩን ዘግታችሁ እንደገና አስነሱ፣ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ካላንደሩን ክፈቱ። ቀጠሮዎቹ ሁሉ እስኪወርዱ ጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ሲሞላ ያንን ተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ወራት ከዌቡ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩት፣ በተለይ የሰረዛችኋቸውንና የገፋችኋቸውን ቀኖች።